ስልኩ ባቄላ ዘርቶ ያውቃል?

(በይጁቤ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ቀኑን ሙሉ በአረም ላይ ጎንብሳችሁ ውላችሁ፣ ጭቃውን ረግጣችሁ፣ ደብተራችሁን ከዝናብ ሸሽጋችሁ እዚህ በመምጣታችሁ እናመሰግናችኋለን።

ዛሬ ፊደል አናስቆጥርም። ሰሌዳውም እንደምታዩት ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ጽፈንበት የነበረውን ነገር ራሳችን ስለ አጠፋነው ነው። ምን ጽፈን ነበር? ለምንስ አጠፋነው? ዛሬ የምንናገረው ይህን ነው። አስተማሪ ስሕተቱን ከደበቀ ተማሪው ስሕተቱን ይወርሳል። ስለዚህ አንደብቅም።

1. ጥፋታችን

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ማታ፣ ትምህርታችን «አረምን መከላከል» የሚል ነበር። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን የመጣን ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን የእርሻ ትምህርት የተማረ የለም። ሞፈር ጨብጦ የሚያውቀውም ከሁለት አይበልጥም። ታዲያ ትምህርቱን ከየት እናምጣው? የግብርና ባለሙያውን ሄደን መጠየቅ ነበረብን። ቢሮው ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ዝናብ ነበር፤ ሰነፍን። ስልካችንን አውጥተን በውስጡ ያለውን ማሽን ጠየቅነው።

ማሽኑ አላሳፈረንም። ባንድ አፍታ መልሱን እንደ ውኃ አፈሰሰው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ባማረ አማርኛ ደረደረልን። በባቄላ ማሳ ላይ አረም ሲበዛ «ቱ ፎር ዲ» የሚባለውን የአረም መድኃኒት ርጩ አለን። መጠኑንም ነገረን፤ የሚረጭበትንም ጊዜ ነገረን። እኛም ደስ አለን። እንዳለ ወደ ሰሌዳው ገለበጥነው።

አንዲት እናት ከኋላ ወንበር እጃቸውን አነሡ።

«ልጆቼ፣ ይህን ማን ነገራችሁ?»

«በስልክ ውስጥ ያለ ዘመናዊ ማሽን ነው፣ እናታችን። ያላነበበው ነገር የለም» አልናቸው።

«ደግ። ስልኩ ባቄላ ዘርቶ ያውቃል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። እናታችን ግን አልሳቁም። ዝም ብለው ተቀመጡ። እኛም ወደሚቀጥለው መስመር አለፍን።

ረቡዕ ማታ እኚያ እናት ባዶ ጠርሙስ በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። የ«ቱ ፎር ዲ» ጠርሙስ ነው። ከጎረቤት ለምነው ያመጡት ነው። በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብለው አነበቡልን። «በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚበቅሉ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች» ይላል። ቀና አሉና ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ የባቄላ ቅጠል ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ?»

መልስ አልነበረንም። ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ መድኃኒት የሣር ወገን የሆኑትን፣ እንደ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ያሉትን ያልፋል። ሰፊ ቅጠል ያለውን ይገድላል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ኑግ ግን ራሳቸው የሰፊ ቅጠል ወገን ናቸው። ለመድኃኒቱ አረሙም ባቄላውም አንድ ነው፤ አይለይም።

ሰሌዳውን በዚያው ሰዓት አጠፋነው። ግን ዘግይተን ነበር። አንድ ወጣት ገበሬ፣ ዛሬም ከመካከላችን አለ፣ ስሙን አንጠራም፣ ሰኞ ማታ ከሰሌዳው ገልብጦ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ቃዳ ባቄላውን ረጭቶታል። በጥቂት ቀን ውስጥ ግንዱ ተጣመመ፤ ቅጠሉ ተጨማደደ። ሄደን አየነው። ያ ባቄላ የዓመት ሽሮ ነበር። ትርፉም የልጆች ደብተርና ልብስ መግዣ ነበር።

ወንድማችን አልወቀሰንም። ይበልጥ ያሳፈረን ይህ ነው። «ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አየሁት፤ የተጻፈ ነገር ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም» አለን። ከምግብ ገንዘባችን አዋጥተን ልንክሰው ተስማምተናል። ክረምቱን ግን ልንመልስለት አንችልም።

አሁን ማንን እንውቀስ? ማሽኑን ብቻ ብንወቅስ ራሳችንን ማሳመር ይሆናል። ማሽኑ መሳሳቱ አንድ ጥፋት ነው። እኛ ሳናጣራ መጻፋችን ሁለተኛ ጥፋት ነው። ያወቀች እናት ስትጠይቀን ስቀን ማለፋችን ከሁለቱም የከፋ ጥፋት ነው።

2. ይህ ማሽን ምንድን ነው?

ይህ ነገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል። ባጭሩ ኤአይ ይሉታል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ስሙ የገነነው ቻት ጂፒቲ የሚባለው ሲሆን በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ለሕዝብ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸውን አወጡ። ዛሬ የከተማው ተማሪ የቤት ሥራውን፣ ነጋዴው ደብዳቤውን፣ በሽተኛው ሕመሙን ይጠይቀዋል። በይጁቤም ልጆቻችሁ በስልካቸው ይጠይቁታል።

እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እናሳያችሁ። እኛ እንጀምር፤ እናንተ ጨርሱ።

«ድር ቢያብር…»

አያችሁ! ሁላችሁም ባንድ ድምፅ «አንበሳ ያስር» አላችሁ። አሁን ይህን ስትመልሱ ድሩን አይታችኋል? አንበሳው ሲታሰርስ ነበራችሁ? አልነበራችሁም። ግን ቃሉን ከልጅነት ጀምሮ ደጋግማችሁ ስለ ሰማችሁት፣ የፊተኛው ሲነሣ የኋለኛው ራሱ ይመጣል።

የማሽኑም ሥራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሰዎች በየአገሩ የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ አስነብበውታል። በዚያ ውስጥ መጽሐፍ አለ፤ ጋዜጣ አለ፤ ሰዎች በኢንተርኔት የተጨቃጨቁትም አለ። ከዚህ ሁሉ የትኛው ቃል የትኛውን ቃል እንደሚከተል አጥንቷል። ስንጠይቀው ሊከተል የሚገባውን ቃል እያስከተለ አንድ በአንድ ይደረድራል። ስለ ባቄላ ሲናገር ባቄላ አይቶ አይደለም። «አረም» የሚል ቃል ባለበት «ቱ ፎር ዲ» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ተጽፎ ስላገኘ ነው። ነገሩ በስንዴ ማሳ እውነት ነው። በባቄላ ማሳ ጥፋት ነው።

ማሽኑ ብዙ ጊዜ ትክክል ይናገራል። ይህን መካድ አይገባም። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ሁልጊዜ የሚዋሽ ሰው እምብዛም አይጎዳም፤ ማንም አያምነውምና። ዘጠኝ ጊዜ እውነት ተናግሮ ባሥረኛው የሚስት ሰው ግን ገደል ይከታል። ደግሞም ሰው የማያውቀውን ሲናገር ያስታውቃል። ይንተባተባል፤ ዓይኑን ይሰብራል፤ «እንጃ» ይላል። ማሽኑ አንዳንዴ «ባለሙያ ጠይቁ» ቢልም፣ ባወቀውም ባላወቀውም ነገር ድምፁ አንድ ነው። በአማርኛው ማማር ብቻ እውነቱን ከስሕተቱ መለየት አይቻልም።

3. ለምን ይሳሳታል?

አንደኛ፣ ስለ እኛ የተጻፈው ጥቂት ነው። ማሽኑ ከተማረበት ጽሑፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ያለው ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ስለ ባሶ ሊበን መሬት፣ ከደጋው እስከ ዓባይ በረሃ ስላለው አፈር የጻፈ ሰው ስንት ነው? አባቶቻችሁ የሚያውቁት በቃል ነው። ያልተጻፈውን ደግሞ ማሽኑ ሊያነበው አይችልም። ክፍት ቦታ ሲያገኝ ግን ባዶውን አይተወውም። ከሌላ አገር ወስዶ ይሞላዋል።

ሁለተኛ፣ የቀንና የሰዓት አቈጣጠራችን ይለያል። «ጁን» የሚሉትን ወር ብዙ ሰው ሰኔ ነው ይላል። ነገር ግን «ጁን» የሚጀምረው በእኛ ግንቦት 24 ቀን ነው። «ጁላይ» የሚጀምረውም ሰኔ 24 ቀን ነው። ዘር ሲዘራ የሳምንት ልዩነት ምን እንደሚያደርስ ለእናንተ አንነግርም። ዓመቱም እንዲሁ ነው። የዐድዋ ጦርነት በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1896 ነው። ማሽኑ ዓመት ሲነግራችሁ የማን አቈጣጠር እንደሆነ ካልጠየቃችሁ ትሳሳታላችሁ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። የእነርሱ የጠዋት 8 ሰዓት የእኛ 2 ሰዓት ነው። መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ይህን መጠንቀቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ ልኩ ይለያል። ለእኛ የነገረን የመድኃኒት መጠን «በኤከር» የሚል ነበር። እኛም ኤከር ምን ያህል እንደሆነ ሳናጣራ ገለበጥነው። አንድ ሄክታር ሁለት ተኩል ኤከር ያህል ነው። እናንተ ደግሞ የምትለኩት በቃዳ ነው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ይሆናል። ልክ ሲምታታ መድኃኒቱ ወይ ያንሳል፣ ወይ ሰብሉን ያቃጥላል።

አራተኛ፣ አሮጌውንና አዲሱን ያደባልቃል። የክልላችንን የገጠር መሬት ሕግ እንውሰድ። ዐዋጅ ቁጥር 133/1998 ለዓመታት ሲሠራበት ቆየ። በኋላ በዐዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተካ። ስለ አሮጌው ዐዋጅ የተጻፈው ግን አሁንም በየቦታው አለ። ማሽኑ ከአሮጌው ወስዶ ቢነግራችሁና ያንን ይዛችሁ ፍርድ ቤት ብትሄዱ፣ ዳኛው «ይህ ተሽሯል» ይላችኋል። የመሬት ክርክር ደግሞ የዕለት ጉዳይ አይደለም፤ የልጅ ልጅ ጉዳይ ነው።

አምስተኛ፣ መሬታችሁን አያየውም። በጎጃም ደጋ በብዙ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። እንዲህ ያለ መሬት ማዳበሪያ ቢጨመርበትም የሚገባውን ምርት አይሰጥም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ለአንድ ማሳ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚበቃ የሚታወቀው ግን ከማሳው አፈር ተወስዶ ሲመረመር ነው። ስልኩ አፈር አይዘግንም፤ አያሸትም፤ አይመረምርም።

4. ሁለት ስልክ ሁለት ምስክር አይደለም

ባቄላው የተቃጠለበት ወንድማችን አንድ ነገር ነግሮናል። ሰኞ ማታ ቤቱ ሲገባ ትንሽ ተጠራጥሮ ነበር። ስለዚህ የታናሽ ወንድሙን ስልክ ተቀብሎ እንደገና ጠየቀ። ያም ስልክ ያንኑ መለሰ። «ሁለት ምስክር አገኘሁ ብዬ አደርኩ» አለን።

ወንድማችን መጠራጠሩ ትክክል ነበር። የጠየቀው ግን ያንኑ ምስክር ነው። አንድ ሰው በደጅ በር አንድ ጊዜ፣ በጓሮ በር አንድ ጊዜ ገብቶ ቢመሰክር ሁለት ሰው አይሆንም። የስልኩ ባለቤት ተለወጠ እንጂ በውስጡ የሚናገረው አልተለወጠም።

በዚህ ስሕተት የወደቀ የጎጃም ገበሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ከተማ፣ ሁለት ጠበቆች አንድን አየር መንገድ ለከሰሰ ደንበኛቸው ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ጠበቃ ቀድሞ የተፈረዱ ተመሳሳይ ፍርዶችን ከማሽኑ ጠየቀ። ማሽኑም የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ ዓመተ ምሕረት እየጠቀሰ ደረደረለት። ጠበቃው «እነዚህ ፍርዶች በእውነት አሉ?» ብሎ ያንኑ ማሽን ጠየቀ። «አዎን፣ አሉ» አለው። ጠበቆቹ ለፍርድ ቤት አቀረቡት። ሲጣራ ፍርዶቹ ጭራሹኑ ያልነበሩ ሆነው ተገኙ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው።

እነዚህ ሰዎች በሕግ የሠለጠኑ፣ በዙሪያቸው ቤተ መጻሕፍት የሞላላቸው ናቸው። ያጡት እውቀት አልነበረም። መዝገቡን ገልጦ የማየት ትዕግሥት ነው ያጡት። እኛም ያጣነው ይህንኑ ነው።

5. እውቀት አባት አለው

የጎጃም ምድር የቅኔ ምድር ነው። የዋሸራን፣ የዲማ ጊዮርጊስን ስም የማያውቅ የለም። በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ ሲመጣ «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። መምህሩን ይጠራል። የመምህሩም መምህር ይታወቃል። ሲሳሳት ጓደኞቹ ያርሙታል፤ መምህሩ ይመልሰዋል። እውቀቱ አባት አለው። ቢሳሳት የሚጠየቅ ሰው አለ።

በእርሻም እንዲሁ ነው። ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዘር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት የጤፍ ዓይነቶች ተዳቅለው የተገኘ ነው። ለገበሬው የተለቀቀው በ1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ተዘርቶ ታየ፤ ተመዘነ፤ ከሌላው ጤፍ ጋር ተነጻጸረ። «ይህ ጤፍ ይሻላል» ከሚለው ቃል ጀርባ መሬት አለ፤ ሚዛን አለ፤ ላብ አለ።

ወይም 8028 የሚባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር እንውሰድ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። ገበሬው በነጻ እየደወለ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የእርሻ ምክር እንዲሰማበት የተዘጋጀ ነው። ይህም በስልክ ነው። እኛ ስልክን አንጠላም። ልዩነቱ፣ በዚያ የሚነገረው ባለሙያዎች ለአገራችን ሰብል ያዘጋጁት መሆኑ ነው። ቢሳሳት «ማን አዘጋጀው?» ተብሎ የሚጠየቅ አለ።

እኛ ሰሌዳው ላይ የጻፍነው ግን አባት አልነበረውም። «ማን ነገራችሁ?» ስንባል «ስልኩ» ነበር መልሳችን። ስልኩ ማንን ጠይቆ? አይታወቅም። የተቃጠለው ባቄላስ ማን ዘንድ ሄዶ ይከሰስ? ማንም ዘንድ።

6. ዓይናችንን ለማን እንስጥ?

ትልልቆቻችሁ የነገራችሁንን እናስታውሳለን። ድሮ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብ ሰው ፍለጋ ይኬድ ነበር። አንባቢው ያሻውን ጨምሮ፣ ያሻውን ቀንሶ ቢያነብ የሚያውቅበት የለም። ለክስ ከተማ ሲወረድ ራፖር ጸሐፊው የጻፈውን ሳያነቡ ጣትን ቀለም ነክሮ መፈረም ነበር። በማያውቁት ዕዳ የፈረሙ፣ በገዛ ጣታቸው መሬታቸውን ያጡ ነበሩ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የታሰበው ይህን ለማስቀረት ነበር። ትምህርቱ ከጊዜ በኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። ከእናንተ መካከል እናቱ ወይም አባቱ በዚያን ጊዜ ፊደል የቆጠረ አለ። እናንተም ዛሬ በኩራዝም በባትሪም እየተማራችሁ ያላችሁት ለዚሁ ነው። የሰው አፍ ከመጠበቅ ለመውጣት ነው። በገዛ ዓይን አይቶ በገዛ እጅ ለመፈረም ነው።

ታዲያ ማንበብ ከቻልን በኋላ «ስልኩ ያንብብልኝ፣ ስልኩ ያስብልኝ» ካልን ምን አተረፍን? ከራፖር ጸሐፊው አምልጠን ሌላ ራፖር ጸሐፊ ቀጠርን ማለት ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው ማይም ይባላል። ፊደል እያወቀ የማያጣራስ ምን ይባላል? እኛ በዚያ ሰኞ ማታ ምን ነበርን?

ሌላም የሚያሳዝነን ነገር አለ። በሸንጎና በዕድር ሽማግሌ ሲናገር አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «ስልኩ እንዲህ አይልም» ይላል። ነገሩ በዚያው ያልቃል። አርባ ዓመት ያረሰ አባት ዝም ይላል። ስልኩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌውም ሊሳሳት ይችላል። ግን ሽማግሌውን «በምን አወቁ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «በእንዲህ ያለ ዓመት እንዲህ ዘርቼ እንዲህ ሆነ» ብሎ ይመልሳል። ሌላውም «በእኔ ማሳ ግን እንዲህ ሆነ» ይለዋል። እንዲህ ነው እውነት የሚጣራ። ስልክ ስለ ተናገረ ብቻ ክርክር ከቆመ ግን ማመዛዘን ቆመ ማለት ነው።

ደግሞም በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እውቀቱን ሁሉ በስልኩ ላይ የጣለ ሰው በዚያን ጊዜ ማንን ጠየቀ? ደብተር ግን ኔትወርክ አይጠይቅም። የጎረቤት ምክርም አይቋረጥም።

7. ምን እናድርግ?

«ስልኩን ስበሩት» አንልም። ይህ ሌላ ሞኝነት ይሆናል። ማሽኑ ለአንዳንድ ነገር ይረዳል። የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ ሐሳቡን ያስረዳል። ለልጆች ሒሳብ ያስለማምዳል። ባለሙያ ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ምን እንደምንጠይቅ ያስታውሰናል። ስለዚህ በገበያ መንገድ እንዳገኛችሁት ወሬኛ መንገደኛ ቁጠሩት። ከመንገደኛ ወሬ ይሰማል፤ ይጠቅማልም። በመንገደኛ ወሬ ብቻ ግን በሬ አይሸጥም።

እኛ ለራሳችን ያወጣነውን ደንብ እንንገራችሁ። ቢጠቅማችሁ በደብተራችሁ ጻፉት።

ሀ) በሦስት ጥያቄ ሳናልፍ አናምንም። ማን አለ? በምን አወቀ? የት ሄጄ ላጣራ?

ለ) መርጨትን፣ መድኃኒት መዋጥን፣ ገንዘብ መክፈልን፣ መሬትንና ክስን በስልክ መልስ ብቻ አናደርግም። ለእርሻ የግብርና ባለሙያውን፣ ለጤና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም ጤና ጣቢያውን፣ ለክስ ሕግ አዋቂውንና ዐዋጁን ራሱን እንጠይቃለን።

ሐ) በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳናነብ አንከፍተውም። ፊደል የተማርነው ለዚህ ነው።

መ) ማሽኑን ስለ ራሱ እውነተኛነት አንጠይቀውም። አንዳንዱ ማሽን ያነበበበትን ቦታ ይጠቅሳል። ከጠቀሰ ቦታውን ከፍተን ራሳችን እናነባለን። ካልጠቀሰ አባት የለውም እንላለን።

ሠ) ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጭ፣ ሰውን የሚያሸብር ወሬ ከሆነ ሳይጣራ ለሌላ አናስተላልፍም።

ረ) ወንበር ላይ ያለ ሰው «ማን ነገራችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ አንስቅም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ወረቀት የያዘውን አለመልቀቁ ወረቀት ስለሆነ ነው። እኛ ግን ሰዎች ነን። ስሕተት ይዘን ብንገኝ መልቀቅ እንችላለን። ሰሌዳውን ያጠፋነውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ነግረን እናብቃ። ባቄላው ከተቃጠለ በኋላ የግብርና ባለሙያውን ለመንነው፤ ወደ ማሳው መጣ። ጭቃው ውስጥ ገባ። ግንዱን ነቅሎ ሥሩን አየ። አፈሩን በጣቱ አሸት አደረገ። «መቼ ረጨህ? ስንት ረጨህ? ከዚያ በኋላ ዝናብ ነበረ?» እያለ ጠየቀ። ብዙ ከጠየቀ በኋላ ጥቂት ተናገረ። ዋልካ መሬት ስለሆነ በመስከረም እርጥበቱን ጠብቆ ሽምብራ ሊሞከር እንደሚችል መከረ። «ግን ከመዝራትህ በፊት ተመልሼ ልየው» አለ።

ስልካችን በዚያ ሰኞ ማታ አንድም ነገር አልጠየቀንም። መሬቱ ምን ዓይነት ነው አላለንም። ልየው አላለንም። ከዚህ በኋላ እኛም ሳናይና ሳንጠይቅ ሰሌዳ ላይ አንጽፍም።

አሁን ያቺን ከኋላ ወንበር የተቀመጡትን እናት እንለምናቸዋለን። የፊታችን ሰኞ «አረምን መከላከል» የሚለውን ትምህርት እንደ ገና እንሰጣለን። የግብርና ባለሙያው ይመጣል። እናታችንም ወደ ፊት ወጥተው ጠርሙሱን ያነቡልናል። እኛ በእርስዎ ቦታ፣ ከኋላ ወንበር እንቀመጣለን።



እንወያይ

1. አስተማሪዎቹ የሠሩት ጥፋት ስንት ነው? ከሁሉ የከፋው የትኛው ነው ትላላችሁ?

2. ሁለት ስልክ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ ሁለት ምስክር የማይሆነው ለምንድን ነው?

3. በቤታችሁ ካለ የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

4. አባት ወይም እናት ያስተማሯችሁን፣ በመጽሐፍ ያልተጻፈ አንድ የእርሻ እውቀት በአምስት መስመር ጻፉ። በምን እንደተረጋገጠም ጨምራችሁ ጻፉ።